ቀንበሩን ማን ጠረበው?

ስለ መርሐ ቤቴና ስለ መንዝ የእንጨት ጥርብ ሥራ የቀረበ ሂስ

በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ሳንቲም ገጽ ላይ አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ይታያል። በሌላው ገጽ የአንበሳ ራስ አለ። በዚያው ዘመን በየአደባባዩ፣ በየጋዜጣውና በየመድረኩ «የጭቆና ቀንበር» የሚለው ሐረግ ያልተነገረበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀንበር ተጭኗል ተብሎ ተለቅሷል፤ ቀንበር ተሰበረ ተብሎ ተፎክሯል። ሞፈርና ቀንበር እንዲህ በሰዉ ሁሉ አፍና መዳፍ ከሰነበቱ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል። ቀንበሩን ማን ጠረበው? ከምን እንጨት? በምን ስለት? የጥርቡስ ማማርና አለማማር በምን ይለካል?

ጥያቄው የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። በሀገራችን የሥነ ጥበብ ሂስ ዓይኑን የተከለው ከግድግዳ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የብራና ሐረግ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህም በሸራ ላይ የተሣለው ሥራ ብዙ ተጽፎላቸዋል። እንጨት ጠርቦ፣ ፈልፍሎና ልጎ ማሳውን፣ ማጀቱንና ቤተ መቅደሱን ያቆመው እጅ ግን «ዕደ ጥበብ» በምትል አንዲት ቃል ይታለፋል። ቃሊቱ ክብር የምትሰጥ ትመስላለች፤ በተግባር ግን ከመመርመር የምታሳርፍ ሽፋን ሆናለች።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የመርሐ ቤቴና የመንዝ የእንጨት ጥርብ የራሱ የውበት ሕግ ያለው ጥበብ ነው፤ ሕጉም ከአገልግሎት ተነጥሎ አይታይም። ይህን ጥበብ ዛሬ ለሞት ያደረሰው የአድናቂ ማነስ አይደለም። ጥበቡ ያጣው እንጨት፣ ወራሽና ስም ነው።

ሀገሩና እንጨቱ

ዓለም ከተማ የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ የጀማን ሸለቆ እስከ ወለሉ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ይደርስባታል። በአንድ ወገን ጀማ፣ በሌላው ወገን ወንጪት ምድሩን ቆርጠው አምባ አድርገውታል፤ ኋላም ተገናኝተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከአምባው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ከፍታ መንዝ ነው፤ ውርጭ የጸናበት፣ በግ የሚረባበት፣ ባናና ዝተት የሚሠራበት ደጋ።

ስለ ጥርብ ሥራ ሲነገር የመሬቱ አቀማመጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ እንጨት እንደ ከፍታው ይለያያልና። በቆላው ግራር፣ በወይና ደጋው ዋንዛና ብሳና፣ ከፍ ሲል ወይራና ጥድ፣ ከዚያም በላይ ኮሶ፣ በመጨረሻ በጓሳ ሜዳ ላይ አስታና ጨረንፌ ይገኛሉ። ዋንዛ በመንዝ ውርጭ አይበቅልም። ስለዚህ በመንዝ ማጀት ውስጥ የሚገኝ የዋንዛ ገበቴ ከታች፣ ከሞቃቱ ምድር ዳገቱን የወጣ ዕቃ ነው። ቆላና ደጋ የሚገናኙት በእህልና በጨው ብቻ ሳይሆን በእንጨትም ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት ሀገር ጠራቢ አያባክንም። ይህ ቁጥብነት በሥራው መልክ ላይ ይነበባል፤ ትርፍ ጌጥ የለም፣ ትርፍ ውፍረት የለም።

የመንዝ ሰው የዕፅዋትን ዋጋ ከመጽሐፍ አልተማረውም። የጓሳ ሜዳ በቀሮ ሥርዐት ለብዙ ዘመን እየተዘጋና እየተከፈተ ተጠብቆ ኖሯል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር የሚታጨደው፣ ለማገዶ የሚሆነው ቁጥቋጦም የሚለቀመው በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ነበር። ሥርዐቱ ከርስት ጋር የተሳሰረ ስለነበረ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ፈረሰ፤ ኋላም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈለገው በኋላ ስለ ዋንዛና ስለ ወይራ ለሚነሣው ነገር መሠረት ስለሚሆን ነው።

ሂሱን የሚሰጠው በሬ

የጥርብ ሥራን ሂስ ከሞፈርና ከቀንበር መጀመር ተገቢ ነው። ይህ ዕቃ ለብዙ መቶ ዓመታት ሀገሩን ሲቀልብ የኖረ፣ አብዛኛውን ጊዜም አራሹ ራሱ ወይም ጎረቤቱ የጠረበው ነው። በውስጡ ብረት የሚባለው ማረሻውና ወገሉ ብቻ ነው፤ ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ ሁሉም እንጨት ናቸው።

ጥሩ ጠራቢ ሥራውን የሚጀምረው መጥረቢያውን ሳያነሣ ነው። ዛፉን ዞሮ ያየዋል። ቅርንጫፉ በተፈጥሮው የያዘውን ጉብጠት ለእርፉ ያስበዋል፤ ቀጥ ብሎ የወጣውን ለሞፈር ያጨዋል። ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ የሚውለው ድግር እንደ ወይራ ያለ ጽኑ እንጨት ይሻል፤ በበሬ ጫንቃ ላይ የሚውለው ቀንበር ደግሞ ቀላልም ጠንካራም መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ጠራቢው የቃጫውን አካሄድ ይከተላል። ቃጫውን ተከትሎ የተጠረበ እንጨት ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ቃጫውን አቋርጦ የተጠረበ ግን የመጀመሪያው ጥቁር ድንጋይ ያጋልጠዋል። እንግዲህ መስመሩ ያማረው ለዓይን ተብሎ አይደለም፤ ዛፉ ያደገበትን መስመር ስለ ጠበቀ ነው። አንድ አሮጌ እርፍ ቢታይ፣ ከእጅ መጨበጫው አንሥቶ እስከ ታች ድረስ ያለው ጉብጠት አንድም ቦታ ሳይቋረጥ ይወርዳል። በሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪ ለዓመታት የሚደክምበት መስመር ይህ ነው።

ቀንበሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። መሐሉ፣ ሞፈሩ በምራን የሚታሰርበት ቦታ፣ ወፈር ይላል፤ ኃይል የሚያርፈው እዚያ ነውና። ግራና ቀኙ ሁለቱ በሬዎች የሚገቡበት ነው፤ እዚያ እንጨቱ ከሥር ጎድጎድ ተደርጎ፣ ጠርዙ ተደፍጥጦ ይለጋል። ከዚያ የማነቆዎቹ ቀዳዳዎች ይከተላሉ። ቀዳዳዎቹ አለቦታቸው ቢበሱ በሬው ይታነቃል ወይም ያመልጣል፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ቢከብድ አንዱ በሬ የሁለቱን ሸክም ይሸከማል። ከሥሩ ያልተለጋ ቀንበር ጫንቃ ይልጣል። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሐያሲ በሬው ነው። በሬ አያወድስም፣ አይሸነግልም፤ ወይ ይጎትታል ወይ ይቆማል።

እዚህ ላይ «የጭቆና ቀንበር» የሚለው ሐረግ እንደገና ሊታይ ይገባል። ዘይቤው እውነት አለው፤ ቀንበር የሚጭን እጅ አለ፣ የሚሸከም ጫንቃም አለ። ነገር ግን ቀንበርን በአፉ ብቻ የሚያውቅ ባለ ዘይቤ፣ የጠራቢው ጥበብ በሙሉ ሸክሙን ለማቅለል የዋለ መሆኑን አያይም። ዕቃውን ሳያዩ ምልክቱን መጠቀም የመፈክር ሥነ ጽሑፍ የቆየ ሕመም ነው።

ሰሙ የማይፈስስ ወርቅ

ከማሳው ወደ ማጀቱ ሲገባ ገበቴና ሙቀጫ ይገኛሉ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ያደረገውን ጥናት ጨምሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእሱን ከቅኔ ወስዶ «ሰምና ወርቅ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሀገር የሚጽፍ ሁሉ ስለ አነጋገሩ ረቂቅነት ይጽፋል። ስለ እጁ ረቂቅነት የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ገበቴ የሚወጣው ከግንድ ነው። ግንዱ ተሰንጥቆ፣ ለመሰንጠቅ የሚፈጥነው እምብርቱ ተወግዶ፣ ውስጡ ይፈለፈላል። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ለስለት ይመቻል፤ ፀሐይ ላይ ቢጣል ግን ይተረተራል። ስለዚህ ጠራቢው ይቸኩላል፣ ይታገሣልም። ሲፈለፍል ይቸኩላል፤ ሲያደርቅ ከጥላ ሥር እያገላበጠ ቀናትን ይጠብቃል። የገበቴው ወለል ወፈር፣ ከንፈሩ ሳሳ ይላል። ወለሉ የሚያቦካውን እጅ ክብደት ይሸከማል፤ ከንፈሩ ሊጡ ሲገለበጥ መንገድ ይሰጣል። የውስጡ ጉድጓድ ማዕዘን የለውም፤ ማዕዘን ቢኖረው ሊጥ ተደብቆ ይሻግታልና። ዓመታት ሲያልፉ የእናትና የልጅ መዳፍ ያንኑ ቦታ እየደጋገመ ስለሚነካው ገበቴው ከጠራቢው እጅ ከወጣበት ቀን ይልቅ ይለሰልሳል። ጠራቢው የጀመረውን ባለቤቲቱ ትጨርሰዋለች። በሥዕል አዳራሽ የተንጠለጠለ ሥራ በዕድሜው ይደበዝዛል፤ ገበቴ ግን በዕድሜው ይጠራል።

ሙቀጫም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ በዘነዘናው የተመታው እህል ተበትኖ እንዳይቀር ወደ መሐል ተመልሶ ይወድቃል። አንዱ ሲወቅጥ ሌላው ተቀብሎ ሲወቅጥ የሚሰማው ምት ከዚህ ቅርጽ የተገኘ ነው። ቅርጹ ቢበላሽ ምቱም ይበላሻል።

ቅኔ ሲፈታ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁ ይቀራል። አንጥረኛው ወርቅ ለማውጣት ሰሙን እንደሚያቀልጥ ሁሉ የቅኔ ፈቺም የላዩን ትርጉም አሳልፎ የውስጡን ይይዛል። ገበቴ ግን እንዲህ አይፈታም። አገልግሎቱ ሰም፣ ውበቱ ወርቅ ነው ቢባል፣ ሰሙን ያፈሰሰ ወርቁንም ያፈስሳል፤ ሊጥ የማይቦካበት ገበቴ ቅርጹ ለምን እንዲያ እንደ ሆነ የሚያስረዳው አያገኝምና። የዚህ ጥበብ ሕግ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ያልተፈለገ ጌጥ ማስወገድና የተፈለገውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማሳመር።

ድንጋዩ የእንጨቱ ተማሪ

ማሳውንና ማጀቱን የጠረበው እጅ ቤተ መቅደሱንም ጠርቧል። በዚህ በኩል ታሪኩ ከመርሐ ቤቴና ከመንዝ ሰፋ ባለ ዓይን ካልታየ አይገባም።

የአክሱም ሐውልቶች ለዓለም የሚታወቁት በድንጋይነታቸው ነው። ይሁን እንጂ በትልልቆቹ ሐውልቶች ላይ የተቀረጸው የእንጨትና የድንጋይ ቤት አምሳል ነው፤ ደርቡ፣ መስኮቱ፣ ከግድግዳው ወጣ ብለው «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የወራጅ ጫፎች፣ በሩና የበሩ መዝጊያ ሳይቀሩ በድንጋይ ተቀርጸዋል። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው ሐውልትም ይህንኑ ያሳያል። የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ ሳለ በእንጨት እንደ ተዋቀረ ቤት አግድም እርከን ወጥቶለታል። ድንጋይ ጠራቢው የእንጨት ጠራቢውን ሥራ እያየ ነበር። ሀገር የምትኮራበት ድንጋይ የእንጨቱ ተማሪ ነው።

ምስክሮቹ አልጠፉም። በገመድ ብቻ በሚወጣው በደብረ ዳሞ ገዳም የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በልዩ ልዩ እንስሳት ቅርጽ ያጌጡ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉት። በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንጨትና ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ግድግዳና ያጌጠ የእንጨት ጣራ አለው። በላሊበላ የንጉሡን ስም የሚጠሩ ጽሑፎች የተቀረጹባቸው የእንጨት መናብርተ ታቦት ይገኛሉ። በእነዚህ መናብርት ላይ የንጉሡ ስም አለ፤ የጠራቢው የለም። ይህን ነጥብ ኋላ መመለስ ይገባል።

የመርሐ ቤቴና የመንዝ አድባራት እንደ ደብረ ዳሞ ዝና አላገኙም። ጥርባቸው በጣራ ላይ ሳይሆን በእጅና በትከሻ በሚያዘው ዕቃ ላይ ይፈለጋል። ደብተራው የሚደገፍበት መቋሚያ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ቆዳ የሚለብሰው ከበሮ፣ ሁለት ሳንቃ ተጠላልፎ መጽሐፍ የሚሸከመው አትሮኖስ፣ ካህኑ ለመሳለም የሚያቀርበው የእንጨት መስቀል፣ በጾም ወራት የሚደረደረው በገና ሁሉም ከዚያው ከሞፈርና ከገበቴ ሕግ የወጡ ናቸው። የመቋሚያ ራስ ለጌጥ ቢቀረጽም ብብት ወይም አገጭ የሚያርፍበት ነው፤ የከበሮ ጎን ያበጠውና የጠበበው ድምፁን ለመለየት ነው። በመስቀል ላይ ብቻ ጠራቢው ለአገልግሎት ሳይገደድ ሐረጉን እንደ ልቡ ያጠላልፋል። ቁጥብ የነበረው እጅ በዚያ ቦታ ይፈታል።

ማዶ ለማዶ

ሂስ ሁሉን የሚያወድስ ከሆነ ሂስ አይደለም። የዚህ አካባቢ ጥርብ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ከሌሎች የሀገሪቱ ሕዝቦች ሥራ ጋር ሲነጻጸር ይታያል።

ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው መታሰቢያ «ዋካ» የሚባለውን የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ። ጀግናው በመሐል፣ ሚስቶቹ በጎኑና በጎኑ፣ የገደለው ጠላት ወይም አውሬም አብሮ ይቆማል። እዚያ እንጨት ሰው ይሆናል፤ ታሪክ ይናገራል። በጅማ ከአንድ ግንድ የሚወጣው በርጩማ መቀመጫነቱን ሳይለቅ የማዕርግ ምልክት ይሆናል፤ በጅሬን በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ከቤቱ አሠራር ጋር ተዋሕዷል። በሐረር ጀጎል ውስጥ የቆዩ በሮች ላይ የባሕር ማዶ ንግድ ያመጣው የሐረግ ቅርጽ ከከተማው ልማድ ጋር ተጋብቷል።

በመርሐ ቤቴና በመንዝ ሥራ ይህ ሁሉ የለም ወይም ጥቂት ነው። የሰው ምስል በቀለም ለሰሌዳ ተሰጥቷል፤ ከእንጨት ቆሞ የሚታይ የሰው ቅርጽ በደጋው ክርስቲያናዊ ልማድ ቦታ አላገኘም። ጠራቢው ሰውን አልቀረጸም፤ የሰውን እጅ የሚጠብቅ ቦታ ብቻ ቀረጸ። የእርፉ መጨበጫ፣ የበርጩማው ጉድጓድ፣ የብርኩማው ቅስት ሰውነት ሲነካቸው ነው የሚሞሉት። ይህ ወሰን ድህነት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በወሰኑ ውስጥ የተገኘው ጥራት ማንም የማይንቀው ነው። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወሰኑን ያልተረዱ ሰዎች ይህን ሥራ ለማሻሻል ብለው በገበቴ ጎን ላይ የአንበሳ ምስል፣ በበርጩማ ላይ የካርታ ቅርጽ ሲጨምሩበት፣ ሥራው ከኮንሶም ከመንዝም ሳይሆን ይቀራል።

ስም አልባው ጠራቢ

ጠራቢ ብቻውን አይሠራም። መሮውን፣ መጥረቢያውንና መጋዙን የሚሰጠው ቀጥቃጩ ነው። በደጋው ኅብረተሰብ ግን እንጨት መጥረብ አራሹም የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ብዙ ሳይነቀፍ ሲኖር፣ ስለቱን የሠራው ቀጥቃጭ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ቅጣትም ደንግገዋል። አዋጅ አፍ ይዘጋል፤ ልብን ለመክፈት ግን ከአዋጅ የረዘመ ሥራ ያስፈልጋል። ለመስቀሉ የተንበረከከ ሰው መስቀሉን የቀረጸችውን መሮ ያወጣውን ሰው በገበያ ሲሸሸው የኖረበት ታሪክ ተጽፎ አላለቀም።

ስድቡ ሲቀንስ ዝምታው ተተካ። በሙዚየሞቻችን አንድ የእንጨት ዕቃ ሲቀርብ ከሥሩ በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ የዕቃው ስም፣ ቢበዛ የተገኘበት አውራጃ ይነበባል። የሠሪው ስም፣ የዛፉ ዓይነት፣ የተሠራበት ስለት፣ ዕቃው የተገዛበት ቤት ብዙ ጊዜ አይገኙም። የላሊበላው መንበር ጠራቢ ስሙን ሳይተው ቢሞት ዘመኑ ነው ይባላል፤ ትናንት የሞተ ጠራቢ ስሙ ሲጠፋ ግን ጥፋቱ የሰብሳቢው ነው።

ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ ስም የለሹን የመንደር ባለ እጅ ሥራ ከታላላቅ ጌቶች ሥራ ጎን አቁሞ ሲከራከር ኖሮ በ1936 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም አቋቁሟል። ሀገሩም በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ ከዕቃው ሌላ ሙያውንም ለመጠበቅ ወሰነች። ከያናጊ የሚወሰደው ትምህርት ለመንደሩ ሥራ የሰጠው ዓይን ነው። ስም አልባነትን ግን እንደ በጎነት አድርጎ ማወደስ ለእኛ አይሆንም። ስም ማጣት እዚህ ሀገር የትሕትና ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ የንቀትም ነበር።

ትምህርት ቤቱና የመታሰቢያ ዕቃው ሱቅ

የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ። መሥራቹ ዓለ ፈለገ ሰላም ከጀማ ማዶ ካለው ከሰላሌ፣ ከፍቼ የተገኙ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለሀገሪቱ ሠዓሊዎችንና ቀራጮችን አፍርቷል። ሀንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ሲያስተምር የእንጨት ላይ ቅርጽ ሕትመትን ለተማሪዎች አስተዋወቀ። እስክንድር ቦጎሲያን ወደ ጠልሰምና ወደ ብራና ሲመለከት፣ ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በቀርከሃ ዘንጎች ላይ ሥሏል። ወደ ሕዝቡ ሥራ የተመለሰ ዓይን አልጠፋም ማለት ነው። ሆኖም ዓይኑ ያረፈው ከሁሉ ይልቅ በሥዕልና በፊደል ላይ ነው። ከሞፈር ተነሥቶ ወደ ቅርጻ ቅርጽ የደረሰ መንገድ ገና አልተጠረገም።

መንገዱ እንደሚቻል የሌላ ሀገር ምሳሌ አለ። ሩማንያዊው ኮንስታንቲን ብራንኩሺ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ እንጨት መቅረጽ የተማረው በመንደሩ ነው። በፓሪስ ከከበረ በኋላ በ1938 እ.ኤ.አ. በታርጉ ጂዩ ያቆመው «ማለቂያ የሌለው ዓምድ» ከብረት ቢሠራም የሀገሩን የገበሬ ቤት የእንጨት ምሰሶ ያስታውሳል። ብራንኩሺ ምሰሶውን አልገለበጠም፤ ምሰሶውን ያቆመውን ሕግ ተረዳ።

በእኛ ዘንድ በዚህ ፈንታ የሰፋው የመታሰቢያ ዕቃ ገበያ ነው። አሮጌ ለማስመሰል በጢስ የጠቆረ መስቀል፣ ራስ የማያርፍበት ብርኩማ፣ ውኃ የሚያፈስ ዋንጫ ለእንግዳ ይሸጣሉ። ሻጩ ሊኖርበት ይገባል፤ እንጀራው ነውና አይወቀስም። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ስለማይጠቀምበት ስሕተቱን የሚነግረው የለም። በሬው የለም፣ ሊጡ የለም፣ መዳፉ የለም። ሐያሲውን ያጣ ጥበብ ይበላሻል።

እንጨት፣ ወራሽ፣ ስም

በሀገሪቱ ገጠር ሁሉ የታየው ለውጥ በዓለም ከተማና በዙሪያዋም ይታያል። በገበቴ ፈንታ የፕላስቲክ ሳፋ ገብቷል። የአዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት በር ላሜራ ሆኗል፤ የቀድሞው የተጠረበ መቃን ሳይፈርስ የቀረበት ቦታም በወፍራም የዘይት ቀለም ተሸፍኖ የስለቱ ፈለግ አይታይም። በደጋው ሁሉ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ማገርም ማገዶም ስለ ሆነ ባለ ውለታ ነው፤ ለገበቴ ግን አይሆንም፣ ይተረተራልና። ሳፋው ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ የምትገዛውን እናት መውቀስ ግፍ ነው። ውኃና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ከባዱን ገበቴ ለባህል ስትል ትሸከም ብሎ መስበክ ለሰባኪው ብቻ ይቀልላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ዛፉ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የችግኞችን ቁጥር በየዓመቱ ይነግራል። ለእያንዳንዱ ወረዳ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። ከተተከለው ውስጥ ዋንዛው ስንት ነው? ወይራው ስንት ነው? የቆመውስ? ወይራ አዝጋሚ ዛፍ ነው፤ ዛሬ የተከለ ለልጅ ልጁ ይተክላል። ጓሳን ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ በየቀበሌው ለጠራቢ የሚሆን የዋንዛና የወይራ ቦታ ለይቶ በራሱ ደንብ ለመጠበቅ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ፈቃድና ሕጋዊ ዋስትና ግን ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ወራሽ ነው። የአካባቢው መምህራን ይህን በእጃቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። ተማሪ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ የፕላስቲክ አበባ ከሚስል የአባቱን እርፍ ለክቶ ይሣል፤ የዛፎቹን፣ የስለቶቹንና የክፍሎቹን ስም ከሽማግሌ አፍ ይጻፍ። በሙያ ማሠልጠኛ የወንበርና የቁም ሣጥን ሥራ የሚማር ወጣት ከአንድ አሮጌ ጠራቢ ጋር አንድ ክረምት ቢውል፣ ጠራቢውም ለትምህርቱ ደመወዝ ቢከፈለው፣ በብዙ ስብሰባ የማይገኝ ነገር ይገኛል። የከተማው ቀራጭም ቢሆን ወደዚያ ሲሄድ ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ ሳይሆን መሮ ይዞ ይሂድ።

ሦስተኛው ስም ነው፤ ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው። የባህል ሠራተኛ አንድ ዕቃ ሲመዘግብ ከዕቃው ስም በፊት የሠሪውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ ዛፉንና ስለቱን ይጻፍ። ስለቱን የሠራው ቀጥቃጭ ከታወቀ የእርሱም ስም ከጎኑ ይግባ። የሞቱትን ስም መመለስ ላይቻል ይችላል፤ በሕይወት ያሉትን ግን ሳይመዘግቡ መቅበር ከእንግዲህ ምክንያት የለውም።

አራሹ የተቀረጸባት አንድ ሳንቲም ከገበያ ከጠፋች ቆይታለች። ሞፈሩ ግን ዛሬም ከማሳ አልወጣም፤ ቀንበሩም ከበሬው ጫንቃ አልወረደም። ነገ ትራክተር ተክቶት አራሹም በሬውም ያርፉ ይሆናል፤ ይህ ሲሆን የሚያዝን አይኖርም። ያን ቀን ቀንበሩ ወደ ሙዚየም መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው በምን ዓይነት ጽሑፍ ይቀበሉታል ነው። «ቀንበር፣ ሰሜን ሸዋ» ተብሎ ከተለጠፈበት፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ስለ ቀንበር የተናገረ ትውልድ አንድ ጊዜም ሳያየው አለፈ ማለት ይሆናል። የሰው ስም ከተጻፈበት ግን የጠራቢው የልጅ ልጅ ከፊቱ ቆሞ ያነብበዋል።